ያልፈረሙት ሁለቱ

የሒሳብ አስተማሪዋ በትምህርት ቤቷ የተከፈተው ምርጫ ጣቢያ ኃላፊ ነበረች። የምርጫ ጽሕፈት ቤቱ ጸሐፊ ደግሞ ቅጽ ያመላልስላታል። የተዋወቁት ተጨቃጭቀው ነው። እሷ ቅጹን አንድ በአንድ ቆጥራ ሁለት ይጎድላል አለችው፤ እሱም ተመልሶ ሄዶ የጎደለውን አመጣ። ከዚያ ወዲህ ሰበብ እየፈለገ ይመጣ ጀመር። አንድ ቀን እስክሪብቶ ሊዋስ፣ ሌላ ቀን ሊመልስ። እንደወደዳት ያላወቀ መምህር አልነበረም፤ እሱ ግን ቃሉ ከጉሮሮው አልወጣለትም።

ድምፁ ሲቆጠር ገዢው ፓርቲ በጣቢያዋ ተሸነፈ። ውጤቱን ፈርማ በሩ ላይ ለጠፈች። በማግስቱ ስትመጣ ወረቀቱ ተቀዶ ጠበቃት።

ረፋድ ላይ ጸሐፊው ፊቱ አመድ መስሎ ገባ። አዲስ ቅጽ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። በዚህኛው አሸናፊው ገዢው ፓርቲ ሆኗል፤ የቀረው የእሷና የአንድ ምስክር ፊርማ ብቻ ነበር። አለቃው እንደላከው ነገራት። የጎረቤት ጣቢያው ኃላፊ እምቢ ብሎ ጠዋት ከቁርሱ ላይ ተወስዷል።

በእሷ ደመወዝ የምትታከም እናቷ ትዝ አለቻት።

«አንተስ ፈርሚ ትለኛለህ?»

ዓይኑን ከወረቀቱ አነሣ።

«ብትታሰሪ አልችለውም። ፈርሚ ለማለት ግን አፌ አይታዘዝልኝም።»

ቅጹን ሳትፈርም አጣጥፋ መለሰችለት።

ሦስት ቀን ጸሐፊው ድምፁ ጠፋ። ኮሪደሩ ላይ ኮቴ በተሰማ ቁጥር ጠመኔው ከእጇ ሊወድቅ ይደርሳል። በአራተኛው ቀን የጸሐፊው እህት ዓይኗ አብጦ መጣች። እንደነገረቻት፣ አለቃው በአስተማሪዋ ቦታ ሌላ ሰው አስፈርሞ፣ አንተም ምስክር ሆነህ ፈርም ቢለው አሻፈረኝ ብሏል። ይባስ ብሎም እውነተኛውን ውጤት በዓይኔ አይቻለሁ ብሎ በጽሑፍ ሰጥቷል። አሁን እስር ቤት ነው።

አስተማሪዋ በነጋታው እስር ቤቱ በር ላይ ተሰለፈች። የሚገባው የቅርብ ቤተሰብ ብቻ ነበር። መዝገቡ ላይ መስፈር ማለት በገዛ እግር ወጥመድ ውስጥ መግባት እንደሆነ አላጣችውም።

«ምኑ ነሽ?» አላት ዘበኛው።

«ሚስቱ።»

ጸሐፊው ከሽቦው ማዶ ቆሞ ነበር፤ ከስቷል፣ ከንፈሩ ተሰንጥቋል።

«ሚስትህ መጥታለች አሉኝ» አለ ድምፁ እየተቆራረጠ። «መቼ ነው የተጋባነው?»

«አሁን፣ በሩ ላይ። አንተ እስክትናገር ልጠብቅ ብል አረጅ ነበር።»

ሊስቅ ሲል ከንፈሩ አመመው። ጣቶቹን በሽቦው ቀዳዳ አሾለከ፤ ያዘቻቸው። ዘበኛው ሰዓት አልቋል እስኪል አልለቀቀቻቸውም።

«ነገ ባይፈቅዱልሽስ?»

«ከነገ ወዲያ እመጣለሁ።»

በዚያው ሳምንት ከሥራ አባረሯት፤ የጎረቤት ልጆችን እያስጠናች እናቷን አሳከመች። ዘጠኝ ወር ሙሉ ወደ እስር ቤቱ ተመላለሰች። በአሥረኛው ወር ተፈታ፤ ክንዷን ይዞ አብረው ወደ ቤት ሄዱ።