ስክሪኑ የጠፋ ዕለት

መድኃኒት አዳይዋና የክሊኒኩ ፕሮግራመር የተግባቡት በተራ መጥሪያው ስክሪን ሰበብ ነው። በተበላሸ ቁጥር እሱ መስኮቷ ሥር ይንበረከካል፤ እሷ ከላይ ሆና ትነዘንዘዋለች።

«ዛሬ ደግሞ ምን ነክቶት ነው?»

«ጽሑፉ ውስጥ የጥቅስ ምልክት አለበት። ማሽኑ እሷን ሲያይ ጽሑፉ ያለቀ ይመስለዋል። ከጥቅሷ በፊት ይቺን ዘመም ያለች ሰረዝ ካላስገባሽለት ግራ ገብቶት ቀጥ ይላል።»

«ወንድሜን በለኛ! ግማሹን ሰምቶ የሚነሳ።»

ሳቀ፤ ሳቁ ግን ዕድሜ አልነበረውም። ወንድሟ አባትም እናትም ሆኖ ያሳደጋት ሰው ነው። «ማሽን ሲነካካ የሚውል ሰው እህቴን አያገባም» ብሎ ድርቅ ብሏል። በስንት ልመና፣ «እሺ፣ ሰኞ ጧት መጥቼ ሥራውን ልየው» አለ።

ደስታ ሰውን ያጃጅላል። ፕሮግራመሩ እሑድ ከሰዓት ገብቶ፣ ጧት ኮምፒውተሯን ስትከፍት የምታየው ቃል በተራ መጥሪያው ፕሮግራም ውስጥ ጻፈላት፦ ወንድምሽ "እሺ" ይላል፤ አትፍሪ። ሰረዟን ረሳት። ሞክሮም ሳያየው ወጣ።

ሰኞ ስክሪኑ ጨለመ። በሽተኛው ተራው ጠፍቶት ተጋፋ፤ ትንፋሽ ያጠራቸው አንዲት እናት ወለሉ ላይ ተቀመጡ። ወንድሟ በሩ ላይ እጁን አጣምሮ ቆሟል።

የክሊኒኩ ኃላፊ የተሳሳተውን መስመር ጮክ ብላ አንብባ ወደ መድኃኒት አዳይዋ ዞረች። «አትፍሪ የተባለችው ማን ናት? አንቺ ነሽ?»

ፕሮግራመሩ ከተንበረከከበት ቀና ብሎ አያት። ወንድሟም አያት።

«እኔ አይደለሁም» አለች። «ሰውየውንም ከሥራ ውጪ አላውቀውም።»

ፕሮግራመሩ አንገቱን ደፋ። ሰረዟን አስገባ፤ ስክሪኑ በራ።

«በል ዕቃህን ሰብስብ» አለችው ኃላፊዋ።

መድኃኒት አዳይዋ ደረጃው ላይ ሮጣ ደረሰችበት።

«ፈርቼ ነው። በሞቴ!»

«አውቃለሁ።»

«አሁን ለሁሉም እናገራለሁ! አሁኑኑ!»

«ቅድም ነበር» አላትና ወረደ።

ወንድሟ ከኋላዋ መጥቶ ትከሻዋን ያዛት። እንባዋን ሲያይ ለቀቃት።

«የምወደው ሰው ነበር» አለችው።

«ታዲያ ምነው አፍሽን ያዘሽ? ያ ሁሉ ሰው ሲጮህበት፣ አንዲት ክፉ ቃል ሳይወጣው ሥራውን ጨርሶ ተነሳ። እሺ ልልሽ ነበር እኮ!»

ደረጃውን በሩጫ ወረደች። መንገዱ በሰው ተሞልቷል፤ እሱ ግን የለም።