ያልተነካው ዲስክ

የቦይለር ሠራተኛውን ደጉን የገደለው የቦይለሩ እንፋሎት ነው፤ በዚህ ማንም አልተከራከረም። ክርክሩ የማስጠንቀቂያው ደወል ለምን ዝም አለ የሚለው ላይ ነበር። ኢንስፔክተር ከይሪያ ከደሴ ወርዳ የኮምቦልቻው ሳሙና ፋብሪካ ስትደርስ፣ የደወሉን ሁኔታ የሚመዘግበው ሰርቨርም ሞቶ ጠበቃት። ደጉ በሞተ በአንድ ሰዓት ውስጥ አንድ ሰው የሲስተም ፎልደሮቹን ጠራርጎ አጥፍቷቸዋል።

ፓስወርዱን የሚያውቁት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ሦስቱም የሚገቡት በአንድ የጋራ ስም ነው። ዋና መሐንዲሱ በላቸው፣ ጸሐፊዋ ባይነሽና ሰርቨሩን የሚጠብቀው ምንተስኖት።

«ሌላ ማን ይችላል? እሱን እሰሪው!» አለ በላቸው። ምንተስኖት አጠገቡ ቆሟል፤ በላቸው ግን ዞር ብሎም አላየው። «ባይነሽ፣ ለዚያ ልጅ ንገሪው። የሰው ነፍስ አጥፍቶ ኮምፒውተር ጀርባ መደበቅ የለም በይው።»

«ከተኳረፋችሁ ስንት ጊዜያችሁ ነው?» አለች ከይሪያ።

«ሁለት ወር» አለች ባይነሽ ተንገሽግሻ። «ጋሽ በላቸው የዘረጉትን ሰርቨር ምንተስኖት ነቀፈባቸው። ከዚያ ወዲህ እሱ ያለበት ስብሰባ አይገቡም፣ እሱ የጻፈውን ወረቀት አያነቡም። መሃል ቆሜ መልእክት የማመላልሰው እኔ ነኝ። አሁንስ በቃኝ!»

ከይሪያ ኩርፊያ አትወድም፤ በሥራዋ ግን ብዙ ጊዜ ጠቅሟታል። ወደ ምንተስኖት ዞረች። «እስከ ነገ ስድስት ሰዓት ሰርቨሩን አስነሳው። አለዚያ ካቴናው ያንተ ነው።»

ምንተስኖት ፖሊስ አስከትሎ ደሴ ወጣ። ፒያሳ ባለው የፋብሪካው ቅርንጫፍ የተቀመጠው ሰርቨር የዚህኛው መንታ ነው፤ የጠፉትን ፎልደሮች ከዚያ ገልብጦ ተመለሰ። ከዚያ ሊንኮቹን አንድ በአንድ መልሶ ሠራ። ከይሪያ ሊንክ ምን እንደሆነ ጠየቀችው። ፎልደር የሚመስል ስም ብቻ ነው አላት፤ ዕቃው ያለው ሌላ ቦታ ነው፣ ስሙ መንገዱን ያሳያል። ይህን ሁለት ጊዜ አስደገመችው።

በማግስቱ ሦስቱንም ቦይለር ክፍሉ ደጃፍ ላይ ሰበሰበቻቸው።

«ደወሉ አልተበላሸም። መዝገቡ ተገኝቷል» አለች። «ምርቱ እንዳይቆም ብሎ አንድ ሰው አራት ሰዓት ከአስር ላይ በጋራው ስም ገብቶ ዘጋው። ከሩብ ሰዓት በኋላ ደጉ ሞተ። የዘጋው ሰው ደነገጠ። ጥፋቱን በሟች ለማላከክ ‹መዝገብ› የሚለውን ፎልደር ከነጎረቤቶቹ ጠረገው። ያ ግን ሊንክ ነበር። ምንተስኖት ባለፈው ወር መዝገቡን ወደ ሌላ ዲስክ አዛውሮ ስሙን ብቻ ነው እዚያ የተወው። ዲስኩን ማንም አልነካውም።»

«ታዲያ የሚያውቀው እሱ ራሱ ነዋ!» ጮኸ በላቸው።

«የሚያውቅ ሰው ዲስኩን ነው የሚያጠፋው። እሱ ያውቃል። ባይነሽም ታውቃለች፤ ዝውውሩ የተነገረበትን ስብሰባ ቃለ ጉባኤ የያዘችው እሷ ናት። ወላሂ፣ ፊርማዎቹን አንድ በአንድ አይቻለሁ። የጎደለው የእርስዎ ብቻ ነው።»

በላቸው በሁለት ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ምንተስኖትን ቀና ብሎ አየው።

«መቼ ነው ያዛወርከው?»

ምንተስኖት ወደ ባይነሽ ዞረ። «ሚያዝያ አስር፣ እርስዎ በቀሩበት ስብሰባ በያቸው» አለ። «ደጉ ሦስት ልጆች ነበሩትም በያቸው።»