ሁለቱንም ቢላዋ እምቢ ያለው ሹፌር

«ይሄ ማንኪያ ቅቤ ነክቶ ያውቃል?»

ፅናት የባሚያውን ሳህን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ቀና አለች። ሰውየው ረጅም ነው፤ ሸሚዙ ላይ የሰሊጥ ገለባ ተጣብቋል። ማንኪያውን ወደ ብርሃን አንስቶ እያገላበጠ ያየዋል።

ሁዳዴ የገባበት የመጀመሪያው ሰኞ ነበር። በሱዳኗ ገዳሪፍ ከተማ፣ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ ያለችውን ምግብ ቤት ፅናት ከእናቷ ከሣህሊቱ ጋር ነው የምታሠራት። የቅበላ ዕለት እናትና ልጅ አንድም ዕቃ ሳያስቀሩ ሲያሹ ነው ያመሹት።

«ወንድሜ፣» አለች፤ «ይህን ማንኪያ በአመድና በሎሚ ያሸሁት እኔ ነኝ። ቅቤ ነክቶት ቢሆን እስካሁን ተናዞ ነበር!»

ተመጋቢው ሁሉ ሳቀ። ሰውየው እስከ ጆሮው ቀላ።

«ይቅርታ... አንዳንድ ቦታ ፉሉ ላይ አይብ ይነሰንሱበታል። ሳላውቅ እንዳልበላ ብዬ ነው።»

«በእናቴ ቤት በጾም አይብ የሚነሰንስ እጅ አይተርፍም።»

«እንዲያ ከሆነ ድገሚልኝ።»

«ገና አልቀመስከውም እኮ!»

«አይቼዋለሁ» አለ። የሚያየው ግን ባሚያውን አልነበረም።

ደጉ ይባላል። በአካባቢው ካሉት ከዶካና ከባሱንዳ እርሻዎች ሰሊጥ የሚጭን የሎሪ ሹፌር ነው። ከዚያ ቀን ወዲያ ከተማ በገባ ቁጥር ሎሪውን ጥግ አስይዞ፣ ፊቱን ታጥቦ፣ ያችኑ ወንበር ይዞ ይቀመጣል።

ፅናት ሰው ሲበላ ማየት ታውቅበታለች። ጾመኛ በመጀመሪያው ሳምንት ይበረታል፤ ሁዳዴ ሲጋመስ ግን ምስሩን እየጎረሰ ወሬው ሁሉ ዶሮ ወጥ ይሆናል። «ፋሲካ ይድረስ ብቻ!» የማይል የለም። ደጉ ግን አንድም ቀን እንዲህ ሲል አልሰማችውም። ምንም እንዳልጎደለው ሰው ረጋ ብሎ ይበላል። ይህን በደንብ አስተዋለች፤ ምክንያቱን ግን ሳተች። ጸሎተኛ ቢሆን ነው አለች በልቧ።

አንድ ቀን አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ባሚያ ተሸክሞ ገባ።

«ይህ ሁሉ ለማን ነው?»

«አንቺ ትሠሪዋለሽ፣ እኔ እበላዋለሁ።»

«ብቻህን?»

«ብቻዬን መብላት ሰልችቶኛል፣ ፅናት...»

ፅናት ባሚያውን መልቀም ያዘች። አንዱን ባሚያ ሦስት ጊዜ ለቀመችው።

ያን ጊዜ ረመዳንም ከሁዳዴው ጋር ገጥሞ ነበርና ከተማው በሙሉ ጾመኛ ነው። ጀምበር ስትጠልቅ ወንዶቹ መንገድ ዳር ምንጣፍ ዘርግተው «ያ ዞል፣ ተፈደል!» (አንተ ሰው፣ እንብላ!) እያሉ አላፊ አግዳሚውን ይይዛሉ፤ ሳይቀምሱ ማለፍ የለም። ደጉም አንድ ምሽት ሎሪውን አስቁመውት ወርዶ ከመካከላቸው ተቀመጠ፤ ተምርና ፉል በላ። የፅናት አባት ጋረደው በማዶ ሲያልፍ አየው። አይቶም መንገዱን ቀጠለ።

ጾሙ ሊፈታ ሲቃረብ ደጉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቃት።

«ሽማግሌ ልላክ?»

«መጀመሪያ ለፋሲካ ራስህ ና። አባቴ ሰውን የሚመዝነው በገበታ ነው። ከወደደህ ሽማግሌው ለወጉ ያህል ነው፤ ካልወደደህ ግን ጳጳስ ብትልክ አይሰማም።»

ፊቱ ድንገት ጠቆረ።

«ለፋሲካ... ገበታ ላይ?»

«ምነው፣ ፈራህ?»

«ፈራሁ።»

ቀልድ መስሏት ከት ብላ ሳቀች።

የፋሲካ ዕለት ጋረደው በጉን በራሱ ቢላዋ አረደ። እሱ በሰባ ሰባቱ ረሃብ ገና ልጅ ሳለ በእግሩ ሱዳን የገባ ሰው ነው፤ በቤቱ ምግብ እምቢ ማለት ቀላል ነገር አይደለም። ደጉ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ መጣ። ገበታው ቀረበ። ሣህሊቱ ከዶሮው ወጥ አንድ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልላ ዘረጋችለት።

«በሞቴ!»

«እትዬ ሣህሊቱ... ይቅርብኝ።»

«ምነው ልጄ፣ አሞሃል?»

«አላመመኝም። ሥጋ... አልበላም።»

የሣህሊቱ እጅ ጉርሻውን እንደያዘ አየር ላይ ቀረ።

«የኔን ቢላዋ ተጠይፈህ ነው?» አለ ጋረደው።

ክርስቲያኑ የእስላም ቢላዋ ያረደውን አይበላም፤ እስላሙም የክርስቲያን ቢላዋ ያረደውን አይነካም። ሁለቱ በአንድ ሰፈር በፍቅር ይኖራሉ፤ ሥጋ ላይ ሲደርሱ ግን ገበታቸው ይለያል።

«በረመዳን ከምንጣፉ ላይ አይቼሃለሁ» አለ ጋረደው። «እስላም ከሆንክ ነኝ በል! ጎረቤቴ ራዲያ እስላም ናት፤ እንደ እህቴ ነው የማያት። የሚያስጠላኝ መደበቅ ነው።»

«እስላም አይደለሁም፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ምንድን ነህ?»

ደጉ ወደ ፅናት አየ። ከዚያም ጫማውን አጥልቆ ወጣ።

በዓለ ሃምሳ ገባ፤ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። ምግብ ቤቱ ከጥዋት እስከ ማታ ሥጋ በሥጋ ሆነ። ያች ወንበር ግን ባዶዋን ዋለች። ፅናት ነገሩን እያገላበጠች ታስባለች። እስላም ቢሆን ይነግረኝ ነበር። ክርስቲያን ቢሆን ይበላ ነበር። ሦስተኛ ነገር ፈልጋ አጣች። የሱን ማንኪያ ግን ለሌላ ሰው አላቀረበችም።

በዚህ መሃል ዓረፋ ደረሰ። ደጉ የሚያመጣው ሰሊጥ የሚራገፈው በራዲያ ባል መጋዘን ነውና እሱም ተጠራ። ራዲያ በየዓረፋው ለክርስቲያን እንግዶቿ ለብቻ ዶሮ ትገዛለች፤ አጥር ለአጥር ጎረቤቷ ጋረደው ሄዶ ያርድላታል፤ በሌላ ድስት ይሠራል። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ እንደ ሱዳን ሴቶች የተከናነበችውን ቶብ እያስተካከለች ከተፍ አለች።

«አያ ጋረደው! ያ ሎሪ ነጂ ምን ዓይነት ፍጡር ነው?»

«የናንተው ነው እንጂ።»

«የኛ? ወላሂ አይደለም! ሁለት ትሪ አቀረብኩለት። በአንዱ የኛ በግ፣ በአንዱ አንተ ያረድካት ዶሮ። ሁለቱንም ቢላዋ እምቢ አለ! ሰላጣውን፣ ጀርጂሩን፣ ቅጠሉን ሁሉ ግን ጠርጎ በላው። ፍየል ነው እንዴ?»

ፅናት ሽርጧን እንኳ ሳትፈታ ሮጠች።

ደጉ መጋዘኑ ደጅ፣ ከኒም ዛፉ ጥላ ሥር፣ ሎሪው ጎማ ላይ ተደግፎ ተቀምጧል።

«ዛሬ ትነግረኛለህ!» አለችው፤ ትንፋሿ ተቆራርጧል።

«ትስቂብኛለሽ።»

«ልሳቅብሃ! ሳቅ ገደለህ?»

መሬት መሬት እያየ ጀመረ።

«ከሰሊጡ በፊት ከብት ነበር የምጭነው። ባለፈው ክረምት ከዶካ ስመጣ ሎሪው ጭቃ ውስጥ ተቀበረ። ዝናቡ አላነሳ አለ። ከጭነቱ መሃል አንድ ጥጃ ነበር፤ በጣውላው ቀዳዳ ምላሱን አውጥቶ እጄን ይልሳል። ከምበላው ዳቦ አካፈልኩት፤ ስም አወጣሁለት። ገዳሪፍ ደርሰን ቄራው በር ላይ ከብቶቹ አንወርድም አሉ። እሱ ግን ድምፄን ሲሰማ ዘሎ ወደ እኔ መጣ...»

ከጎማው ላይ የደረቀ ጭቃ በጥፍሩ ፋቀ። ፅናት አጠገቡ ተቀመጠች።

«ያስረከብኩት እኔ ነኝ፣ ፅናት። በእጄ። ከዚያ ወዲያ ሥጋ ሲቀርብልኝ አይወርድልኝም። ነገር ግን ሹፌር ለጥጃ አለቀሰ መባልን ፈራሁ። ሰበብ እየፈጠርኩ ስሸሽ ከረምኩ። ሁዳዴ ሲገባ እፎይ አልኩ፤ ማን ይጠይቀኛል? ሰው ሁሉ ፋሲካን ሲናፍቅ እኔ ብቻ ፈራሁት።»

አልሳቀችም። ዓይኗን በሽርጧ ጫፍ ጠረገች።

«ሥጋ የሚበላ ባል ስጠኝ ብዬ ለአምላኬ አልተሳልኩም» አለች። «የሚደብቀኝ ባል ግን አልፈልግም።»

«ሁለተኛ አልደብቅሽም።»

«እንግዲያስ ተነስ!»

እጁን ይዛ አባቷ ፊት አቆመችው። ደጉ ታሪኩን እንደገና ተናገረ፤ አሁን ቀና ብሎ። ጋረደው ተናግሮ እስኪጨርስ አላቋረጠውም። ፅናት አባቷ እንዳይስቅ እየጸለየች ነበር።

«እኛም ቦራ የሚባል በሬ ነበረን» አለ ጋረደው በመጨረሻ። «ስንሰደድ መንገድ ላይ አርደን በላነው። የተረፍነው በሱ ነው። እኔም እያለቀስኩ ነበር ያኘክሁት... ስሙን ከዚያ ወዲህ ጠርቼው አላውቅም።» ወደ ጓዳው ዞረ። «ሣህሊቱ! ምን ትጠብቂያለሽ? ባሚያውን አምጪ እንጂ!»

ሣህሊቱ ከፋሲካው የሚበልጥ ጉርሻ ጠቅልላ መጣች።

«ይሄንንም እምቢ በል አሉ!»

ደጉ አፉን ከፈተ። ጉንጩ ተወጥሮ እንባው ወረደ፤ ከሳቁ ይሁን ከቃሪያው አልታወቀም።

ሠርጉ ሰሊጡ ተሰብስቦ ጥር ሲገባ ሆነ። እንደ ወጉ ለክርስቲያኑ በአንድ ዳስ፣ ለሙስሊሙ በሌላ ዳስ ታረደ። ሙሽሮቹ ፊት ግን ለብቻው አንድ ሰፊ ትሪ ቀረበ፤ ባሚያ፣ ምስር፣ ፉል በሰሊጥ ዘይት፣ ጀርጂር። ራዲያ እልል እያለች መጥታ ጎንበስ አለችበት።

«ይሄንን ቢላዋ ነክቶታል?»

«ሽንኩርት የከተፈው ብቻ» አለች ፅናት።

«እህ! ታዲያ ምን ያስቆመኛል?» ራዲያ እጇን ታጥባ ተቀመጠች። ጋረደውም ከወዲያ ማዶ ወንበሩን ሳበ። ስንት ዓመት በጉርብትና ሲኖሩ በድግስ ቀን ከአንድ ትሪ ሲቆርሱ የመጀመሪያቸው ነበር። ይህን ያዩ ከሁለቱም ዳስ እየተነሱ መጡ። ትሪው አልበቃ አለና ሣህሊቱ ድስቱን እንዳለ አስወጣችው።

በግርግሩ መሃል ፅናት ለሙሽራው ጉርሻ ጠቀለለች። ደጉ አፉን ከመክፈቱ በፊት ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ።

«ማንኪያው ግን... ቅቤ ነክቶት ያውቃል?»

«ማንኪያ የለም፣ የኔ ጌታ» አለችው እየሳቀች። «እጄ ነው።»