የእርቅ ድንጋይ

ሙላት የሞተው ሊታረቅ መጣ በተባለበት ግቢ ነው። ግቢው ደብረ ማርቆስ ዳር ያለ፣ ከባሎቻቸው ዱላ ያመለጡ ሴቶች የሚጠለሉበት ነው። ኢንስፔክተር የብርጓል ስትደርስ ሬሳው ከእንግዳ መቀበያው ጓሮ፣ ሲሚንቶው ላይ በግንባሩ ተደፍቷል። ጭቃ የለበሰ ድንጋይ አጠገቡ ወድቋል። ሚስቱ ያለምወርቅ እጇ በደም ተነክሮ፣ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች።

«እሷ ናት!» ይላል የሟች ታላቅ ወንድም ዓለምነው። «ይቅር በይኝ ብሎ በተንበረከከበት፣ በተሸከመው ድንጋይ ፈጠፈጠችው!»

«ላነሳለት ነው የጎነበስኩት» አለች ያለምወርቅ። «አንገቱ ላይ ነበር። ሳነሳው እጄ ደም ሆነ።»

ከአጥር ውጭ የተሰበሰበው ሰው ቤቱን ባል ማስገደያ ብሎት ነበር። የመጠለያው ኃላፊ ወይዘሮ ጀነት ኢንስፔክተሯን ወደ ዳር ሳብ አደረገቻት።

«እሷን ይዛችሁ ከሄዳችሁ ነገ ቤቱን ይዘጉብኛል። ውስጥ ያሉትን ሴቶች የት አደርሳቸዋለሁ?»

ሁሉም ፈርዶ ጨርሷል፤ የቀረው ካቴናው ብቻ ነው። የብርጓል ግን ሰው ሁሉ ባንድ አፍ ሲናገር ሆዷ ይጠረጥራል። ሬሳው አጠገብ ቁጢጥ አለች። ሟች ለሐምሌ ብርድ ጋቢውን ተከናንቦ ነበር፤ ጋቢው ደም ጠጥቶ አናቱ ላይ ተጣብቋል። ገለጥ አድርጋ ኮቱን አየች። ትከሻው ንጹሕ ነው። መልሳ አለበሰችው።

በሯን የምትጠብቀው ጤናዬ ናት።

«ሁለቱ ወንድማማቾች አብረው ገቡ። ዱላቸውን ተቀበልኳቸው። ወንድ ዱላ ይዞ እዚህ አይገባም።»

«ድንጋዩንስ?»

«የእርቅ ድንጋይ እንዴት ይቀበላሉ፣ እመቤቴ? ነውር አይደለም?»

«የተሸከመው የትኛው ነው?»

«ባልየው ነዋ! የበደለው እሱ አይደል?»

«ፊቱን አየሽው?»

ጤናዬ አፈረች። «አቀርቅሯል። ያኛውም ጋቢውን እስከ ፊቱ ተከናንቧል። የሰው ውርደት አይታይም ብዬ ዞር አልኩ።»

አስታራቂው ሽማግሌ፣ መሪጌታ ገዳሙ፣ መቀበያ ክፍሉ ውስጥ መቋሚያቸውን ተደግፈው ተቀምጠዋል።

«እኔ፣ ወይዘሮ ጀነትና ልጅቱ እዚህ ነበርን» አሉ። «ዓለምነው ገባና ‹ወንድሜ ድንጋይ ተሸክሞ ጓሮ ተንበርክኳል፤ ወጥታ ታንሳለት› አለን። ሂጂ ልጄ አልኳት። ወጣች፤ ወዲያው ጮኸች።»

«እምቢ አላለችም?»

መሪጌታ መሬት መሬት አዩ። «ብላለች። እኔ ነኝ የገፋኋት።»

«የገረመኝ ግን» አለች ጀነት፣ «ትናንት ሙላት ደውሎ ‹የድብደባውን ክስ ትተውልኝና ግማሽ መሬቷን ይዛ እንለያይ› ብሎኝ ነበር። ዛሬ እርቅ ሲባል ሐሳቡን የቀየረ መሰለኝ።»

«መሬቱን የሚያርሰው ማነው?»

«ዓለምነው ነዋ። አገራቸው አምበር ያለውን ሁሉ።»

የብርጓል ሁሉንም መቀበያው ክፍል ሰበሰበቻቸው። ያለምወርቅ በሩ ሥር፣ በሁለት ፖሊሶች መሃል ቆመች።

«ዱላና ቢላዋ በር ላይ ይቀራል» ብላ ጀመረች። «ግቢው ሲሚንቶ ነው፤ ጠጠር እንኳ የለውም። እዚህ ሰው መግደል የሚፈልግ ምን ይዞ ይገባል? ማንም የማይነካበትን ነገር። መሪጌታ፣ በደለኛ ድንጋይ ሲሸከም ጋቢውን ምን ያደርገዋል?»

«ወገቡ ላይ ያደገድጋል እንጂ! አንገቱን ገልጦ ነው የሚቆመው።»

«ሙላት የተመታው ግን ጋቢ እንደተከናነበ ነው፤ ደሙ ያለው ጋቢው ላይ ነው። ድንጋዩ ጭቃ ነው፤ የኮቱ ትከሻ ግን ጭቃ አልነካውም። ስለዚህ አልተሸከመም። በበሩ ከገቡት ሁለቱ አንዱ ካልተሸከመ ሌላው ተሸክሟል። ጤናዬ ያላየችው ፊት የባልየው ሳይሆን የወንድሙ ነው። ያለምወርቅም የወጣችው ካለቀ በኋላ ነው። ድንጋዩን አንገቱ ላይ ያስቀመጠው ሰው፣ ታንሳለት ብሎ በደም እንድትነከር ወደ ሬሳው ላካት።»

ዓለምነው ተነሳ። «በጭቃ ነው ሰው የምትከሽው?»

«ጋቢህን አውርድ።»

ይባስ አጥብቆ ያዘው። ፖሊሶቹ ገፈፉት። የኮቱ ቀኝ ትከሻ ጭቃ በጭቃ ነበር።

መሪጌታ ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ።

«ስለ አንተ እኔ ልሸከምልህ፣ ክሱን እንድትተው እኔ ልለምንልህ አልኩት፤ አመነኝ» አለ ዓለምነው። «ዕድሜዬን የፈጀሁበትን መሬት ቆርሶ ሊሰጣት!»

«እሱ ሲሞት እሷ ደግሞ ስትታሰር ሁሉም ላንተ» አለች የብርጓል። «ውሰዱት።»

በካቴና ሲያወጡት ከአጥር ውጭ ያለው ሰው ወደ ኋላ እያለ መንገድ ለቀቀ። ጀነት ሮጣ ያለምወርቅን አቀፈቻት።

«ተገላገልሽ፣ እህቴ! አሁን ቤትሽ መግባት ትችያለሽ።»

መሪጌታ ተነስተው እግሯ ላይ ሊወድቁ ሲሉ ክንዳቸውን ይዛ አስቀረቻቸው። መገላገሏ ፊቷ ላይ አይታይም።

«እናት አባቱ የሉም» አለች። «ወንድሙን ወሰዳችሁት። ማን ነው የሚቀብረው?»



ያለምወርቅ የነጠላዋን ጫፍ ይዛ ወደ ጓሮው ዞረች። «እስከዛሬ ያሳየኝ ፍዳ አንሶ ይኼንንም ለእኔ ትቶልኝ ሄደ» አለች፤ ያን ጊዜ ገና አለቀሰች።