ከካርቶኑ ሥር የነበረው ስፖንጅ

«አንድም አልተሰበረም እኮ!» አለች ጭምቷ፣ ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጋ።

«ቢሰበር ይሻል ነበር» አለች እናቷ። «አበባው የታለ?»

እናቷ ብርጭቆ ላይ አበባ እየሣለች ትሸጣለች። ደንበኛዋ የመለሰችው ካርቶን ጥጉ እንኳ አልተጨረመተም። ውስጡ ግን ጉድ ነው። መኪናው መንገዱን ሙሉ ሲንቀጠቀጥ ብርጭቆዎቹ እርስ በርስ ሲፋተጉ ውለው የተጠቀለሉበትን ወረቀት ጨርሰዋል፤ ከዚያ ቀለሙን ልጠውታል። ካርቶኑ ውስጥ ቀይና ሰማያዊ ብናኝ ተጠራቅሟል።

«እማ፣ መኪናው ላይ ከካርቶኑ ሥር ስፖንጅ አንጥፌ ነበር። አረንጓዴውን፣ ወፍራሙን። ሳቂታም ታውቃለች።»

ሳቂታ የልብ ጓደኛዋ ናት። ዕቃውን የሚያደርሰው አባቷ ስለሆነ፣ ትምህርት በሌለ ቀን አብራው ትሄዳለች። የተመለሰውን ካርቶን አስገብታ በሩ ላይ ቆማለች። ጥርሷ የማይከደነው ልጅ ዛሬ ጫማዋን ታያለች።

«ስፖንጅ?» አለች። «እኔ እንጃ እትዬ፣ አላየሁም። ቸኩላ ረስታው ይሆናል።»

ጭምቷ ክው አለች። ስፖንጁን ግራና ቀኝ ይዘው፣ እየተሳሳቁ መኪናው ላይ የዘረጉት እኮ አብረው ነው! ሳቂታ ግን ዓይኗን በጨው አጥባ ዋሸች።

«ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ!» አለች እናቷ፣ ልጇን እያየች። «በቃ፣ ማሸጉን ተይው። ከእንግዲህ ሳቂታ ታሽግልኛለች።»

ጭምቷ መሣል አትችልም። «እኔ እሥላለሁ፣ አንቺ ታሽጊያለሽ» የምትለው የእናቷ ቃል ነበር የምትኮራበት። ብርጭቆውን አስቀምጣ ወጣች።

መኪናው ደጅ ቆሟል። የፊተኛውን በር ከፈተችው። አረንጓዴው ስፖንጅ መቀመጫው ላይ ነበር፣ ታጥፎ፣ መሃሉ ጎድጉዶ።

«ስሚኝማ» አለች ሳቂታ ከኋላዋ። «የመኪናው መንገጫገጭ ወገቤን ሲቆርጠኝ ነው አውጥቼ የተቀመጥኩበት። ሙቺ፣ እንዲህ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም።»

«እሺ፣ ለምን ዋሸሽ?»

«አባዬ ከሰማ ሁለተኛ ይዞኝ አይሄድም። አንቺ ልጇ ነሽ፤ ነገ ትረሳዋለች። ፕሊስ፣ በናትሽ ሸፍኚኝ።»

ከውሸቱ ይልቅ ይሄ አንገበገባት። ሳቂታ ደንግጣ አይደለም የከዳቻት፤ አስባበት ነው።

ጭምቷ ስፖንጁን በብብቷ ይዛ ገባች። ጠረጴዛው ላይ፣ በተላጡት ብርጭቆዎች መሃል አስቀመጠችው። እናቷ ብሩሿን አስቀምጣ ጉድጓዱን በጣቷ ነካ አደረገችው።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ሳቂታ ትነግርሻለች» አለች ጭምቷ።

ሳቂታ አሁንም መኪናው አጠገብ ነበረች። ጭምቷ ወደ በሩ ሄደች፤ ወለል አድርጋ ከፍታው፣ ሳቂታ እስክትገባ እጀታውን እንደያዘች ቆመች።