አምስት ነው አልኩሽ

ቀዩን ሽቦ ከካሜራው ቦርድ ጋር ልታገናኝ ስትል እጇ ቆመ።

«ቮልቱን ለክተኸዋል አይደል?» አለችው።

«አምስት ነው አልኩሽ እኮ» አለ ጓደኛዋ፣ ቀና ብሎ ሳያያት። ረጅምና ቀጭን ስለሆነ የክፍሉ ልጆች «አንቴና» ይሉታል።

የሮቦታቸው ዓይን የሚሆነው ይህ ካሜራ ነው። ቦርዱ ከአውራ ጣት ብዙም አይበልጥም፤ ትምህርት ቤቱ ደግሞ ሌላ የለውም። ባትሪው ሲሞላ ስምንት ቮልት ይደርሳል፣ ቦርዱ የሚችለው ግን አምስት ብቻ ነው። ለዚህ ነው መሃል ላይ ቮልት የሚቀንስ ትንሽ ዕቃ ያስገቡት። ልኩ የሚስተካከለው ላዩ ላይ ባለች ብሎን ነው። እሷ ሽቦ ስትበይድ፣ ብሎኗን አስተካክሎ መለካት የአንቴና ድርሻ ነበር።

ቮልት መለኪያው ቴስተር ግን ክፍት በሆነው መሳቢያ ውስጥ ገመዱ እንደተጠቀለለ፣ ከነላስቲኩ ተኝቷል።

የሳይንስ መምህርታቸው ወላጆችን እያስጎበኙ ወደ ቤተ ሙከራው እየመጡ ነው፤ ድምፃቸው ከኮሪደሩ ይሰማል። አንቴና እንድትቸኩል ለመናት። እሷ ሽቦውን ከቦርዱ አርቃ አስቀመጠች፣ ባትሪውን ከመቀነሻው ጋር ብቻ አገናኘችና ለካች። ሰባት ተኩል።

የአንቴና ፊት ልውጥውጥ አለ። ቴስተር መጠቀም እንደማያውቅ፣ መጠየቁም አሳፍሮት እንደነበር እየተንተባተበ ነገራት። ቦርዱ ለጥቂት ከመቃጠል ተርፏል። ልትቆጣው አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ሌላ ነበር።

«አንቴና ተብለህ ቮልት ትፈራለህ?»

ሁለቱም ሳቃቸው አመለጣቸው።

ካቻቢቴውን ሰጠችውና የቴስተሩ ጥቁር ጫፍ የት፣ ቀዩ የት እንደሚያርፍ አሳየችው። አንቴና ምላሱን ነክሶ ብሎኗን ቀስ እያለ አዞረ። ስድስት፣ አምስት ተኩል፣ አምስት። ሳትነግረው ራሱ ደግሞ ለካ። ከዚያ ባትሪውን ነቅለው ሽቦዎቹን ከቦርዱ ጋር አገናኙ፤ ጥቁሩና ቀዩ እንዳልተቀያየሩ አይተው ባትሪውን መልሰው ሰኩት። ትንሿ መብራት በራች። ኮምፒውተሩ ላይ የአንቴና ሁለት የአፍንጫ ቀዳዳዎች ዋሻ አክለው ብቅ አሉ።

ወላጆቹ የገቡት በሳቃቸው መሃል ነው። መምህርቷ ጎንበስ ብለው ሽቦዎቹን መረመሩ።

«ቮልቱን ማን ለካው?»

አንቴና ወደ ጓደኛው ዞረ። መልሱ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ዋጠችውና ጠረጴዛው ላይ የተበተኑትን የሽቦ ቁርጥራጮች መልቀም ጀመረች።

«መጀመሪያ እሷ» አለ አንቴና። «ከዚያ እኔ።»