ማተሚያው የጻፈው ሰማንያ ስምንት

እኔ እንዲህ ያለ ነገር የማምን ሰው አይደለሁም፣ ጎረቤቶቼ ራስ መኮንን ድልድይ ሥር ጋኔን አየን ሲሉ እንኳ «ጠጁ ነው ያሳያችሁ» እያልኩ የማሾፍ ነኝ፣ ስለዚህ ይህን የማወራችሁ ላሳምናችሁ ብዬ አይደለም፣ ሆነ፣ አየሁት፣ በቃ።

በ1978 ፒያሳ አንድ መሥሪያ ቤት የነዋሪዎችን መዝገብ ኮምፒዩተር ላይ እጽፍ ነበር፣ ስም፣ የልደት ዓመት፣ የሞት ዓመት። ለዓመት የተሰጠው ቦታ ሁለት አኃዝ ብቻ ነው፣ በ1958 የተወለደ ሰው 58 ተብሎ ይገባል፣ በሕይወት ያለ ሰው የሞት ዓመቱ ባዶ ይተዋል። ለምን አጠረ ብትሉኝ ማሽኑ ቦታ አይበቃውም ነበር፣ እኛም ለምደነው አሥራ ዘጠኟን ረስተናታል።

አንድ ረቡዕ ከሰዓት ሁሉም ለውይይት ክበብ ወደ አዳራሹ ሲወርድ እኔ ጥርሴን አሞኝ ቀረሁ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፣ መጀመሪያ የኮምፒዩተሩ ማተሚያ ጠቅ አለ፣ ዝም አለ፣ ደግሞ ጠቅ ጠቅ አለ፣ ማንም ሳያዘው፣ እመኑኝ እጄ ጉንጬ ላይ ነበር፣ ከዚያ አንድ መስመር ጽፎ ወረቀቱን ገፋ አደረገው። ሄጄ አነበብኩት። የታናሽ ወንድሜ የግርማ ስም ከነአባቱ ከነአያቱ፣ ልደት ባዶ፣ ሞት 88። የእኛን ቀበሌ እኮ ገና አልጀመርኩትም፣ መዝገቡ ውስጥ ብፈልግ ብፈልግ ግርማ የሚባል የለም። መደንገጥ ነበረብኝ አይደል? አልደነገጥኩም፣ ጥርሴ ማመሙን እንዳቆመ ብቻ ታወቀኝ።

አለቃችን ጋሽ ደምሴ ሲመለሱ አሳየኋቸው።

«አንቺ፣ ሽቦ ተነካክቶ ነው» አሉኝ እየሳቁ፣ «እውነት ቢሆንስ ገና አሥር ዓመት አለው፣ በዚህ ዘመን አሥር ዓመት የሚሰጠው ማን አለ? እልል በይ እንጂ!»

ወዲያው ዙሪያቸውን ገልመጥ አድርገው ወረቀቱን ቀደዱት።

በዓመቱ ለግርማ የብሔራዊ ውትድርና ጥሪ መጣ። እማዬ ሰላሌ ወንድሟ ዘንድ ልትደብቀው ስንቅ ቋጥራ ነበር፣ እሱም እሺ ብሎ ነበር፣ እንቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ሸሽቶ ከተያዘ ይብስበታል፣ ይሂድ፣ እስከ ሰማንያ ስምንት ምንም አይነካውም ብዬ የወረቀቱን ነገር ነገርኳት፣ እማዬ እንደኔ አይደለችም፣ አመነችኝ፣ ስንቁን ፈታችው።

በ80 ክረምት አብሮት የዘመተ ወታደር በምርኩዝ እየተደገፈ ቤታችን መጣ፣ ግርማ በመጋቢት ሲወድቅ በዓይኑ እንዳየ ነገረን። እማዬ አላለቀሰችም። እኔም አላለቀስኩም፣ በማግስቱ ሥራ ገባሁ። ያን ሰሞን ማሽኑን ሊጠግን አንድ ፈረንጅ መጥቶ ነበር፣ ሥራውን ጨርሶ ወረቀት ላይ ሲፈርም የዕለቱን ቀን ጻፈ፣ መጨረሻ ላይ 88 አለ። ለካ በነሱ አቆጣጠር ሰማንያ ስምንት ላይ ነበርን፣ ማሽኑም የነሱ ነው፣ ሁለት አኃዝ የማን ዓመት እንደሆነ አይናገርም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ማን እንደጻፈው ግን እስከ ዛሬ አላውቅም።

ማታውኑ ለእማዬ ነገርኳት፣ የእኛ ሰማንያ እኮ የነሱ ሰማንያ ስምንት ነው፣ ተሳስቼ ነው አልኳት። ሰዎች ተዝካሩን አውጡ እያሉን ነበር። ቀና ብላ አየችኝ።

«በገዛ አፍሽ ሰማንያ ስምንት ብለሽኛል» አለች፣ «ገና ስምንት ዓመት አለው፣ ከልጄ ዕድሜ ላይ አትቀንሺብኝ።»